የአክስቴ ስልክ ለምን አልሞተም

አንድ ማለዳ ስልኬን ከትራሴ ስር ሳወጣው ጀርባው ተከፍቶ አገኘሁት። አልወደቀም፤ ውሃም አልነካውም። የኋላ ክዳኑ በአንድ በኩል ተነስቶ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ሠርቷል። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንደ ወትሮው ተደላድሎ አልተኛም፤ በሆዱ ቆሞ እንደ እንዝርት ዞረ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት 40 በመቶ ላይ እያለ ድርግም ይልብኝ ስለነበር ችግሩ ከባትሪው መሆኑን አላጣሁትም። ያላወቅኩት ምክንያቱን ነው። ስልኩን ከገዛሁት ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

ሶዶ መናኸሪያው አካባቢ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ጋር በተጣበቀች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ወጣት አለ። ስልኩን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዘነበለው፤ ከዚያ ስስ የፕላስቲክ ካርድ በክፍተቱ አስገብቶ ዳር ዳሩን በዝግታ፣ ትንፋሹን እንደያዘ ሰው ፈለቀቀው። ባትሪው ሲወጣ ደነገጥኩ። ሲሠራ እንደ ብስኩት ቀጭን የነበረው ነገር እንደታሸገ የላስቲክ ወተት ተነፍቷል። በጣቴ ልጫነው ስል እጄን ያዘኝ።

«አይንኩት መምህር። አንዳንድ ሰው አየሩን ላስወጣ ብሎ በመርፌ ይወጋዋል። አየሩ የሚነድ ነው።»

ከበሩ ውጭ በአሸዋ የተሞላ የወተት ጣሳ አለው። ባትሪውን በሁለት ጣቱ ይዞ አሸዋው ላይ አስተኛውና ሌላ አሸዋ አለበሰው። ሲመለስ ዶክተር በሽተኛውን እንደሚጠይቅ ጠየቀኝ። መቼ ነው ቻርጅ የሚያደርጉት? ማታ፣ ሌሊቱን ሙሉ። የት ያስቀምጡታል? ትራሴ ስር። መብራት በሚጠፋበት ሰሞንስ? እንደተመለሰ እሰካዋለሁ፤ 100 ሳይሞላ አልነቅለውም፤ ሳልሞላው ቢሄድብኝስ?

ምንም አልመለሰም። አዲስ ባትሪ ገጠመልኝ፤ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ነገሩ በዚሁ ባበቃ ነበር፤ ጊፋታ ባይደርስ ኖሮ።

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ እሁድ ቀን ይውላል። ዘመድ ከየገጠሩ ይሰበሰባል፤ በሬ ይታረዳል፤ ቤቱ በዳጣና በቅቤ ሽታ ይሞላል። አክስቴም ከዳሞታ ተራራ ጎን ካለው ቤታቸው ወርደው መጡ። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ለልጆቹ ፎቶ ሲያሳዩ ልብ አልኩት። የእኔው ዓይነት ነው። የእኔው ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ እኔው ራሴ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ሁለቱን አብሬ የገዛኋቸው ናቸው። አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለእርሳቸው።

«አክስቴ፣ ባትሪው ቶሎ አያልቅብዎትም?»

«ምን ሆኖ ያልቃል? ሁለት ቀን ያድራል» አሉኝ በወላይትኛ።

አላመንኩም። ሲገቡ ጠዋት 63 በመቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ልጆቹ ሲያነሱት፣ ሲጫወቱበት፣ ዘመድ ሲደውልበት ዋለ፤ ማታ 30ዎቹ ውስጥ ነው። ጀርባውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንደ ተገዛበት ቀን ልጥፍ ብሏል። እኔ ከተማ ነው የምኖረው፤ ቤቴ ውስጥ ሦስት ሶኬት አለ። እርሳቸው ቤት የኤሌክትሪክ ምሰሶ እንኳ አልደረሰም። መብራት ያለው ሰው ባትሪ ሞቶ፣ መብራት የሌለው ሰው ባትሪ እንዴት ይኖራል? ይህ ጥያቄ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

በሳምንቱ ወደ ዳሞታ ወጣሁ። የሄድኩት ለጥየቃ ነው ብልም፣ እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ስልኩን ነበር የሚፈልገው።

ቤታቸው ከእንሰቱ ጓሮ በላይ ነው። እዚያ ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርዳል፤ እስከ ረፋድ ጋቢ አያስወልቅም። ቆርቆሮው ላይ የመጽሐፍ ገጽ የምታክል የሶላር ሰሌዳ ተቀምጣለች። ከእርሷ የሚወርደው ሽቦ በመስኮት ገብቶ አንዲት ትንሽ የሶላር መብራት ጋ ይደርሳል፤ ስልኩም ከመብራቷ ነው የሚሞላው። ሽቦው አጭር ስለሆነ ስልኩ የሚደርሰው ጥግ ላይ ካለው የውሃ እንስራ አጠገብ ብቻ ነው። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ቁጭ ብዬ አየሁ። አክስቴ ስልኩን ረፋድ ላይ ሰኩት፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲመጣ ነቀሉት። 71 በመቶ።

«አይሞላም እንዴ?»

«ከሞላ ለመብራቱ ምን ይቀራል? ማታ ልጆቹ ያጠናሉ።»

እንስራው ላብ አውጥቶ ነበር። ስልኩን አነሳሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ሁለት ስልክ ማስረጃ አይሆንም። የአንዱ ባትሪ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ደካማ ሊሆን ይችላል። ይህን ስለማውቅ ከዳሞታ ስወርድ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ባትሪ ምንድን ነው ከሚለው ተነስቼ እስክረዳ ማንበብ።

ያገኘሁት የመጀመሪያ ነገር ይህ ባትሪ ወጣት መሆኑን ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስታንሊ ዊቲንግሃም የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ በአሜሪካው ኤክሶን የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ፣ ከብረቶች ሁሉ ቀላል የሆነው ሊቲየም በሌላ ቁስ ንጣፎች መካከል ገብቶ መውጣት እንደሚችል አሳየ። መጽሐፍ ገጾቹ መካከል ወረቀት እንደሚይዝ ማለት ነው፤ ወረቀቱ ሲገባና ሲወጣ መጽሐፉ አይቀደድም። የእርሱ ባትሪ ግን በአንድ ወገን ንጹህ የሊቲየም ብረት ነበረው፤ ቻርጅ በተደረገ ቁጥር ብረቱ መርፌ እያበቀለ ወደ ሌላው ወገን ይሻገራል፤ ሲደርስ እሳት ይነሳል። በ1980 ጆን ጉድኢናፍ ከባልደረቦቹ ጋር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኮባልት ኦክሳይድን ተጠቅሞ ጉልበቱን ወደ 4 ቮልት ከፍ አደረገው። በዚያው ሰሞን ግሬኖብል ላይ የሞሮኮ ልጅ፣ የፌዝ ተወላጁ ራሺድ ያዛሚ፣ ሊቲየም በግራፋይት ውስጥ ገብቶ እንደሚወጣ አሳየ። ግራፋይት ማለት እርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። ዛሬ በኪሳችን ያለው ባትሪ ሁሉ ማለት ይቻላል አንዱ ወገኑ ግራፋይት ነው። ከዚያ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በ1985 የሊቲየም ብረቱን አስወጥቶ ከነዳጅ የሚገኝ ካርቦን ተካበትና እሳቱን ገራው። ከባድ ብረት ጥሎበት ፈተነው፤ ባትሪው አልነደደም። ሶኒ በ1991 ለገበያ አወጣው።

በ2019 ዊቲንግሃም፣ ጉድኢናፍና ዮሺኖ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ጉድኢናፍ ያኔ 97 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ኖቤል የተቀበለ ከእርሱ በፊት የለም። ያዛሚ የኖቤሉ ተካፋይ አልሆነም፤ አንድ ኖቤል ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥምና። በ2014 ግን የአሜሪካ ምሕንድስና አካዳሚ ትልቁን የድሬፐር ሽልማት ከጉድኢናፍና ከዮሺኖ ጋር ተካፍሏል። አፍሪካዊ እጅ በየኪሳችን እንዳለ ተማሪዎቼ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ ለዚህ ነው እዚህ ላይ የዘገየሁት።

እንግዲህ ባትሪው እንዲህ ነው የሚሠራው። ስልኩን ስንሰካ የሊቲየም ቅንጣቶች ከኮባልቱ ወገን ተነስተው፣ ፈሳሹን ዋኝተው ግራፋይቱ ንጣፎች መካከል ይታጨቃሉ። ስልኩን ስንጠቀም ይመለሳሉ። የሚያረጀውስ? ግራፋይቱ ፈሳሹን ሲነካ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል። ይህን ዓይነቱን ቆዳ በ1979 ያብራራው እስራኤላዊው ኢማኑኤል ፔለድ ነው። ቆዳው ባይኖር ባትሪው አንድ ቀን አይውልም፤ ግን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይወፍራል፤ በወፈረ ቁጥር ከተጓዦቹ የሊቲየም ቅንጣቶች ጥቂቱን እዚያው ይቀብራቸዋል። የተቀበረ አይመለስም። ባትሪው ያሉትን ተጓዦች ያጣል፤ የውስጥ መንገዱም ይጠባል። የእኔ ስልክ 40 በመቶ ላይ ድርግም ይል የነበረው በዚህ ነው፤ ጉልበት ሲጠየቅ ቮልቱ በድንገት ይወድቃል። አፕል በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በድንገት እንዳይጠፉ ሆን ብሎ ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደነበር ሲያምንና ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ብዙ ሰው ስለ ባትሪ እርጅና የሰማው ያኔ ነው።

ታዲያ ቆዳውን የሚያወፍረው ምንድን ነው? ያደነቅኩት መልሱን የፈለጉበትን ዘዴ ነው። ካናዳ ሃሊፋክስ ውስጥ በዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ጄፍ ዳን የሚባል ተመራማሪ አለ። ባትሪ እስኪሞት ዓመታት ከመጠበቅ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ኤሌክትሪክ እጅግ በረቀቀ መሣሪያ ለካ። መቶ ገብቶ ከመቶ ጥቂት ጎድሎ ከወጣ፣ ያች ጥቂት የት ሄደች? በየዙሩ የምትጠፋው እንጥፍጣፊ የባትሪውን የወደፊት ዕድሜ ገና ከጅምሩ ትናገራለች። የተገኘውም ይህ ነው። ባትሪውን ሲገድሉት የኖሩት ሙቀት፣ ከፍተኛ ቮልት እና ጊዜ ናቸው። ሦስቱ ሲገናኙ ደግሞ ይከፋሉ።

ከፍተኛ ቮልት ማለት የሞላ ባትሪ ማለት ነው። 100 በመቶ የሚለው ቁጥር ለእኛ ጥጋብ ይመስለናል፤ ለባትሪው ግን የመጨረሻው ውጥረት ነው፤ ገመድ እስከ ጫፉ እንደ መሳብ። በዚያ ሁኔታ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ ጋዝ ይወጣል። ስልኬን ከጀርባው የከፈተው ይኸው ጋዝ ነው።

የካናዳው ካዴክስ ኩባንያ ካሳተመው ሰንጠረዥ ጥቂት ቁጥሮች ላምጣ፤ እኔን ከወንበሬ ያስነሱኝ እነርሱ ናቸው። ባትሪ 40 በመቶ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ሙቀት ዓመት ቢቀመጥ 96 በመቶ አቅሙ ይተርፋል። ያው ባትሪ 100 ተሞልቶ በዚያው ሙቀት ቢቀመጥ 80 ብቻ ይተርፋል። ሙቀቱን 40 ዲግሪ ብናደርሰውስ? በከፊል የተሞላው 85፤ ሙሉው 65። ማንም ሳይጠቀምበት፣ ሳይደወልበት፣ እንዲሁ ተቀምጦ! በመቶው ውስጥ 35ቱን የበላው ሙላትና ሙቀት ብቻ ነው።

የሱቁን ልጅ አስታወስኩት። መልሴን ሰምቶ ዝም ያለው አውቆ ነበር። ተመልሼ ሄድኩና ነገርኩት። ሳቀና ስልኬን ተቀብሎ መደወያው ላይ ኮከቦችና ቁጥሮች ደረደረ፤ የባትሪው ሙቀት የሚታይበት ገጽ ወጣ። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ሄጄ ሞከርኩት። ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ሲደረግ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ብዙ አልራቀም። ትራስ ስር ስከተው 40ን አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሌሊቱ፣ ባትሪዬን ሙሉ አድርጌ ከነሙቀቱ ተኝቼበታለሁ። አክስቴ ደግሞ ሳያውቁት በ30 እና በ70 መካከል፣ በእንስራ ጥግ፣ በዳሞታ ብርድ አኖሩት። ሶላሯ ውጭ ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ውስጥ ጥላ ውስጥ። ስልኩን ከሰሌዳዋ ጎን ፀሐይ ላይ አስጥተውት ቢሆን ኖሮ እንደ እኔው ይሆን ነበር።

ግን እኔ ያን ልማድ ከየት አመጣሁት? ከስልክ ሻጭ ነው። የመጀመሪያ ስልኬን የሸጠልኝ ሰው «መጀመሪያ 8 ሰዓት ሙሉ ቻርጅ አድርገው፤ ከዚያ ጥርግ ብሎ ሳያልቅ እንዳትሰካው» ብሎኝ ነበር። ቃሉን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ጠበቅኩት። ሰውየው አልዋሸኝም። በኒኬል በሚሠሩት የድሮ ባትሪዎች ዘመን ምክሩ ልክ ነበር፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኖኪያ 3310 እንኳ መጀመሪያ ሲሸጥ ባትሪው ኒኬል ነበር። ኒኬል ሳይጨርስ ደጋግሞ ሲሰካ አቅሙን የረሳ ይመስላል፤ ለዚህ ነበር ጨርሰው የተባለው። ከዚያ ባትሪው ወደ ሊቲየም ተለወጠ፤ ምክሩ ግን ሳይለወጥ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ እኔ ጋ ደረሰ። ሊቲየም የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ደጋግሞ መሰካት አይጎዳውም፤ በ50 ሁለት ጊዜ መሙላት እንደ አንድ ሙሉ ዙር ነው የሚቆጠረው። ባዶ ማድረቁ ነው የሚጎዳው። አሮጌ ስልክ ባዶውን ሳጥን ውስጥ ወራት ቢቀመጥ ባትሪው ከሚገባው በታች ወርዶ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። የምናስቀምጠው ከሆነ ግማሽ ሞልተን፣ አጥፍተን፣ ቀዝቃዛ ቦታ ነው።

ስለ ቻርጀርም ማንበቤ አልቀረም፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ራሳችን ደጅ የመጣው። ባትሪ የሚቀበለው በአንድ አቅጣጫ የሚፈሰውን፣ ዲሲ የሚባለውን ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ኤሲ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚፈስስ። ያን ወደዚህ የሚለውጠው ጣት የምታክለው ቻርጀር ናት። ይህንኑ ሥራ በግዙፉ የሚሠራ ጣቢያ እዚሁ ወላይታ ሶዶ አለ። ግልገል ጊቤ ሦስት፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው 1,870 ሜጋዋት ግድብ፣ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ወደ ሶዶ ይመጣል። ጣቢያው ከመረቡ የተቀበለውን ኤሲ ወደ 500,000 ቮልት ዲሲ ይለውጥና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አሻግሮ ኬንያ ሱስዋ ያደርሰዋል። በ2015 ዓ.ም. ነው ሽያጩ የተጀመረው። በክፍል ውስጥ ቻርጀሩን በእጄ ይዤ፣ የጣቢያውን አቅጣጫ በጣቴ እያሳየሁ ይህን ስነግራቸው፣ ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ ሳይቀር ቀና አለ።

የሱቁ ልጅ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ባትሪው ምን ያህል እንደሚሞላ የሚወስነው ቻርጀሩ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ ያለው ትንሽ ዑደት ነው። ርካሽ ቻርጀር የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ነው፤ የተንቀጠቀጠ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ስክሪኑ በራሱ መንካካት የሚጀምረው ያኔ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው እንዳልሰካ መከረኝ፤ አመጣጡ ጥቂት ደቂቃ እስኪረጋጋ። እርሱ ራሱ ሱቁ ውስጥ ያለውን ዲቫይደር ነቅሎ ነው የሚጠብቀው።

መብራት ለሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ ከንባቤ ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው። ባትሪ የሚሞላው በእኩል ፍጥነት አይደለም። እስከ 80 በመቶ አካባቢ ቶሎ ይሮጣል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ራሱ እያቀዘቀዘው የመጨረሻውን 20 በጠብታ ይሞላዋል። ስለዚህ መብራቱ ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢመጣ የሚያስፈልገንን አብዛኛውን አግኝተናል። ሌሊቱን ሙሉ እየጠበቅን ስንሞላት የኖርናት ያች የመጨረሻ 20 ናት ባትሪውን የምታስረጀው። በብዙ አዳዲስ ስልኮች የባትሪ ሴቲንግ ውስጥ 80 ላይ እንዲቆም ማዘዝ ይቻላል፤ የእኔውም ውስጥ ነበረ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልነካው ኖሬ ነው እንጂ። ረጅም መንገድ ስሄድ፣ አዲስ አበባ ወይም አርባ ምንጭ፣ ጠዋት 100 አደርሰዋለሁ፤ ሞልቶ ወዲያው መጠቀም ጉዳቱ ትንሽ ነው። የሚገድለው ሞልቶ መቀመጡ ነው።

አሁን ስልኬ የሚያድረው መስኮቱ ደፍ ላይ፣ በባዶ ሸክላ ሳህን ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ዝናቡ ሲበረታ በመላው ሶዶ መብራት ጠፋ። ድሮ ቢሆን መጀመሪያ የማስበው ስልኬ ስንት ቀረው ነበር። አየሁት፤ 58 በመቶ። ገና ሻማ ሳልለኩስ ጠራ። አክስቴ ናቸው።

«ልጄ፣ መብራታችሁ ጠፋ አይደል? ከዚህ ሆኜ አየሁት፤ ከተማው በአንድ ጊዜ ጨለመ።»

«ጠፋ አክስቴ። እርስዎ ጋስ?»

«እኔ ጋማ አለ» አሉኝ፤ ከኋላቸው ልጆቹ ጮክ ብለው ሲያነቡ ይሰማል።